ክሩና ጥለቱ፦ ዶሮን በላባዋ መለየት

ደብረ ታቦር ገበያ ዶሮ ተራ ውስጥ «ስንት ነው?» ከመባሉ በፊት ዓይን ሥራውን ጨርሷል። ገዢው ገብስማውን ከቀዩ፣ ወሰራውን ከነጩ፣ ዝግርማዋን ከጥቁሯ ገና ከሩቅ ለይቷል። ዋጋውም በዚያው ይለያያል። ቀይ አውራ ለበዓል ይፈለጋል። ጥቁሩን አይቶ የሚያልፈው ብዙ ነው። አዋቂ ቤት ታዝዞ «እንዲህ ያለ ቀለም ብቻ» ብሎ የሚዞርም አይጠፋም። ነጩን ደግሞ አርቢው ራሱ ይፈራዋል፤ ከጓሮ ሲለቀቅ ለጭልፊት ቶሎ ይታያልና።

ስሞቹን የሰጠው ብዙ ዘመን የተመለከተ ዓይን ነው፣ ቀላል ዕውቀት አይደለም። ነገር ግን ስሙ የሚነግረን ላባው ላይ የሚታየውን ነው። ከላባው ጀርባ ያለውን፣ ማለትም ዶሮዋ ለጫጩቶቿ የምታወርሰውን፣ አንዳንዴ ይነግረናል፣ አንዳንዴ ይደብቅብናል። ይህ ምዕራፍ የሚያሳየው መቼ እንደሚነግረንና መቼ እንደሚደብቅብን ነው።

በምዕራፍ 2 እያንዳንዱ የዘር መመሪያ፣ ጂን ያልነው፣ ከእናት አንድ ከአባት አንድ ሆኖ በጥንድ እንደሚመጣ አይተናል። አንዱ ቅጂ ብቻውን በቂ ሲሆን «ገዢ»፣ ሁለት ካልሆነ የማይታየውን ደግሞ «ተሸፋኝ» ብለነዋል። ባለፈው ምዕራፍ ከጣና ዳር ሜዳ ላይ የፎገራን ጥቁርና ነጭ ከብት ስናይ አንድ ችግር ገጥሞን ነበር፦ ላም በዓመት አንድ ጥጃ ብትሰጥ ነው፣ የውርሱን ሕግ በዓይን ለማየት ዕድሜ አይበቃም። ዶሮ ግን በ21 ቀን ትፈለፍላለች። ከአንድ እናት ሥር አሥር ጫጩት ካለ አሥር መልስ አለ ማለት ነው። ዊልያም ቤትሰን የተባለው እንግሊዛዊ የሜንዴል የአተር ሕግ በእንስሳትም እንደሚሠራ በ1902 እ.ኤ.አ. ያሳየው በዶሮ መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አልነበረም።

ሁለት ክር ብቻ

ከፋርጣ እስከ ጋይንት ባለው ደጋ የምናየው የዶሮ መልክ ሁሉ፣ ቀይ፣ ቡኒ፣ ወርቃማ፣ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ዥንጉርጉሩ ጭምር፣ የተሠራው ከሁለት ቀለም ነው። ሁለቱም ሜላኒን ይባላሉ፤ የእኛን ቆዳና ጸጉር የሚያቀልመውም እሱ ነው። አንዱ ጥቁር ሜላኒን ነው፤ ከጥቁር እስከ ጥቁር ቡኒ ይሰጣል። ሁለተኛው ቀይ ሜላኒን ነው፤ ከጥልቅ ቀይ እስከ ገብስ ወርቃማ ይሰጣል። ነጭ የሚባል ቀለም የለም። ነጭ ማለት ቀለም ያልደረሰበት ላባ ነው።

አንድ ሸማኔ እናስብ። ያልተቀለመ የጥጥ ክር እንደልቡ ነው፤ የተቀለመ ክር ግን ጥቁርና ቀይ ብቻ አለው። ይህን ሸማኔ ሁለት ጥያቄ እንጠይቀው። አንደኛው፦ የትኛው ክር እጁ ላይ አለ? ሁለተኛው፦ ያለውን ክር የት የት ያስገባዋል? የመጀመሪያው የቀለም ጥያቄ ነው፣ ሁለተኛው የጥለት። የምዕራፉ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፦ ቀለሙንና ጥለቱን የሚወስኑት የተለያዩ ጂኖች ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ ይወረሳል።

ይህን ከያዝን የገበያው ስም ሁሉ ለሁለት ይከፈላል። «ቀይ»፣ «ጥቁር»፣ «ነጭ» ስንል ስለ ክሩ እየተናገርን ነው። «ዝግርማ» ስንል ስለ ጥለቱ። «ገብስማ»ና «ወሰራ» ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ያዘሉ ናቸው፤ ለዚህም ነው ሁለት ሰው አንዲቱን ዶሮ አይቶ በስሟ የማይስማማው፣ ከወረዳ ወረዳም ድንበራቸው የሚንሸራተተው።

ላባን ማንበብ

ዶሮዋን በጥቅሉ ማየት ትተን አንድ ላባ ብቻ ከክንፏ ወይም ከጀርባዋ እንውሰድ። ላባ የሚያድገው ከቆዳው ሥር ወደ ውጭ ነው። ጫፉ መጀመሪያ ይወጣል፣ ሥሩ መጨረሻ። ስለዚህ ላባ ልክ በሸማኔው እንጨት ላይ መስመር በመስመር እንደሚረዝም ጨርቅ የተሠራበትን ቅደም ተከተል ይዞ ይቀራል፦ ጫፉ የመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ ወደ ሥሩ የቀረበው የቅርብ ጊዜ።

አሁን ጥቁርና ነጭ ከሆኑ፣ በችኮላ ሁለቱም «ዝግርማ» ሊባሉ ከሚችሉ ሁለት ዶሮዎች አንድ አንድ ላባ ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

የመጀመሪያዋ ላባ ጥቁር ናት፣ ጫፏ ላይ ብቻ ነጭ ጠብታ አለ። ሸማኔው ሥራውን የጀመረው ባልተቀለመ ክር ነው፣ ጥቂት ከሠራ በኋላ ጥቁሩን አስገብቶ እስከ መጨረሻው አልቀየረም። እንዲህ ያለው ጠቃጠቆ የሚመጣው ከተሸፋኝ ጂን ነው፤ ዶሮዋ ከእናትም ከአባትም ካልወረሰችው አይታይም። ሁለት ወጥ ጥቁር ወላጆች ጠቃጠቆ ጫጩት ሊያሳድጉ ይችላሉ።

ሁለተኛዋ ላባ ከጫፍ እስከ ሥር በአግድም ተሰንጥቃለች፦ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ። እዚህ ሸማኔው ክሩን እየለዋወጠ ነው። ላባው ሲያድግ ቀለም የሚያቀብሉት ሕዋሶች ያለጊዜያቸው ሥራ ያቆማሉ፣ ነጭ መስመር ይወጣል። አዲስ ሕዋሶች ሲተኩ ጥቁሩ ይመለሳል፤ እነሱም ያቆማሉ፣ እንደገና ነጭ። ይህ ሸንተረር ከገዢ ጂን ነው የሚመጣው፤ አንድ ቅጂ ይበቃዋል። ሸንተረር ያላት ጫጩት ካለች ከወላጆቿ ቢያንስ አንዱ ሸንተረሩን ይዟል፤ ሙሉ ነጭ ካልሆነ በቀርም ላባው ላይ ይታያል።

ከሩቅ ተመሳሳይ የሆኑት ሁለቱ ዶሮዎች በውርስ ረገድ የሚገናኙበት ነገር የለም። ልዩነቱን ያወጣው ላባዋን ከጫፍ ወደ ሥር ማንበብ ነው።

ገብስማም እንዲሁ ነው። የአንዷ ገብስማ ላባ ቀረብ ብሎ ሲታይ ጥቁርና ፈዛዛ ነጠብጣብ የተረጨበት ነው፤ ሁለቱም ክር አለ፣ በጣም ደቅቆ ተቀላቅሏል። የሌላዋ ግን አንድ ወጥ ግራጫ ነው፣ ነጠብጣብ የለውም። ይህች ሁለት ክር የተቀላቀለባት አይደለችም፤ ጥቁሩ ክር ራሱ ቀጥኗል። ጥቁርን ከሚያቀጥኑት ጂኖች አንዱ ገዢም ተሸፋኝም አይደለም። አንድ ቅጂ ግራጫ ያደርጋል፣ ሁለት ቅጂ ደግሞ እዚህም እዚያም ጥቁር የተረጨበት ነጣ ያለ ዶሮ። ሁለት እንዲህ ያሉ ግራጫዎች ሲገናኙ ከጫጩቶቹ በአማካይ ግማሹ ግራጫ፣ ሩቡ ጥቁር፣ ሩቡ ነጣ ያለ ይሆናል። ግራጫውን ብቻ ላብዛ ብሎ የተነሣ አርቢ መቼም አይሳካለትም። ጥቁሩንና ነጣ ያለውን ቢያገናኝ ግን ሁሉም ግራጫ ይወጡለታል።

ጥለቱ ሲቀር ክሩ ሲጠፋ

ቀይ አውራ ሲባል ሙሉ ቀይ አይደለም። አንገቱና ጀርባው ቀይ ወርቃማ፣ ደረቱና ጅራቱ ጥቁር ነው። የዶሮ ሁሉ ቅድመ አያት የሆነው የደቡብ ምሥራቅ እስያ የዱር ዶሮም መልኩ ይኸው ነው። አሁን ከሸማኔው እጅ ጥቁሩን ክር ብቻ እንውሰድበት። ጥለቱን አልረሳም፣ እጁም እንደለመደው ይሄዳል፤ ነገር ግን ጥቁር የሚገባበት ቦታ ሁሉ ያልተቀለመ ክር ይገባል። የሚወጣው ደረቱና ጅራቱ ነጭ፣ አንገቱና ጀርባው ቀይ የሆነ አውራ ነው። ገበያ ላይ ወሰራ ከሚባሉት ብዙዎቹ ይህን ይመስላሉ። ወሰራ እንዲህ ሲገኝ ራሱን የቻለ ቀለም አይደለም፤ ጥቁሩ የተነሣበት ቀይ ነው።

ይህ አሠራር የዶሮ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ የሚኖር፣ መርዝ የሌለው፣ ኮርን ስኔክ የሚሉት እባብ አለ። ብዙ ሰው በቤቱ ያረባዋል፣ የመልኩ ዓይነትም ለሻጭና ለገዢ ስም እስኪያልቅ በዝቷል። መሠረቱ ግን ያው ነው። በዱር ያለው እባብ ብርቱካናማ ነው፣ ጀርባው ላይ በጥቁር የተከበበ ቀይ ግምጃ አለው። ጥቁሩ ሲጠፋ ግምጃው ይቀራል፣ ዙሪያው ግን ነጭ ይሆናል። ቀዩ ሲጠፋ ያው ግምጃ በግራጫና በጥቁር ይወጣል። ሁለቱም ሲጠፉ እባቡ ነጭ ወይም ፈዛዛ ሮዝ ይሆናል፤ ያኔም ተጠግቶ ላየው የግምጃው ጥላ አለ። አርቢዎቹ ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር ለእኛም ይሠራል፦ «ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አትበል፤ «የትኛው ቀለም ጎደለ? ጥለቱስ ተለውጧል ወይስ እንዳለ ነው?» በል።

ሁለት ዓይነት ነጭ

ከስሞች ሁሉ ብዙ የሚደብቀው «ነጭ» ነው። ዶሮ ነጭ የምትሆንባቸው መንገዶች ብዙ ቢሆኑም ሁለቱን ማወቅ ይበቃናል።

በአንደኛው መንገድ ቀለም ማምረቻው ራሱ ተሰብሯል። ሁለቱንም ክር የሚያቀልመው የመጀመሪያው እርምጃ ስለተቋረጠ ጥቁርም ቀይም የለም። ይህ ተሸፋኝ ነው። ባለ ቀለም ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የተሰበረ ቅጂ ደብቀው ቢይዙ እያንዳንዱ ጫጩት ነጭ የመሆን ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። «ቀይ ዶሮ ቀይ አውራ አግኝታ ነጭ ከየት መጣ?» ለሚለው የጎረቤት ሐሜት መልሱ ይኸው ነው።

በሁለተኛው መንገድ ማምረቻው ደህና ነው፣ የተቀለመው ግን በአግባቡ ተጠራቅሞ ላባው ላይ አይቀመጥም። ይህ ጥቁሩን በደንብ ያጠፋል፣ ቀዩን ግን እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ በጥቁር ዶሮ ላይ ሲያርፍ ነጭ ያወጣል፣ በቀይ አውራ ላይ ሲያርፍ ከላይ ያየነውን ዓይነት ወሰራ። ይህኛው ገዢ ነው። ዋይት ሌግሆርን የሚባለው የእንቁላል ዝርያ ነጭ የሆነው በዚህ ነው። ዋይት ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድን የመሳሰሉ የውጭ ዝርያዎች ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አገራችን ገብተው ከአገሬው ጋር ሲዳቀሉ ስለኖሩ፣ ዛሬ ጓሮ ውስጥ ያለች አንዲት ነጭ ዶሮ ከየትኛው ወገን እንደሆነች በመልኳ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

መለያው ጫጩቶቿ ናቸው። ነጯን ከወጥ ጥቁር አውራ ጋር ማገናኘት ነው። ጫጩቶቹ ሁሉ ወይም ግማሽ ያህሉ ነጭ ሆነው ካደጉ፣ እዚህም እዚያም ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ካለባቸው፣ የእናቲቱ ነጭ ገዢው ነው። ሁሉም ባለ ቀለም ሆነው ካደጉ ተሸፋኙ ነው። የሁለተኛው ውጤት ደግሞ ሌላ ነገር ይገልጣል። ነጯ ዶሮ ጥለቷን አላጣችም፤ ያልተቀለመ ክር ስለሆነ አልታየም እንጂ ሸማኔው ጥለቱን ሲሠራ ነበር። አውራው ሸንተረር የሌለው ሆኖ ሳለ ከወንድ ጫጩቶቹ ላይ ሸንተረር ከወጣ፣ ያንን ያመጣችው ነጭ ሆና ስትታይ የኖረችው እናት ናት፤ ለምን በወንዶቹ ላይ እንደሚወጣ ከታች እናያለን።

ወንድሙ ቀይ፣ እህቱ ገብስማ

ሌላው ስም የሚያሳስትበት ቦታ ጾታ ነው። ከዱሩ ቅድመ አያት ጋር አንድ ዓይነት የቀለም ጂን የያዙ ወንድምና እህት ጫጩቶች ሲፈለፈሉ አይለዩም፤ ሁለቱም ቡኒ ሆነው ጀርባቸው ላይ በቁመት የተዘረጋ ሰንበር አላቸው። ሲያድጉ ወንዱ ደረተ ጥቁር ቀይ አውራ ይሆናል፣ ሴቷ ደግሞ ደቃቅ ነጠብጣብ ያላት ቡናማ ቄብ። ገበያ ላይ እሱ «ቀይ» ይባላል፣ እሷ ብዙ ጊዜ «ገብስማ»። በውርስ ረገድ ግን አንድ ናቸው።

ልዩነቱን የሚያመጣው የሴቷ ሆርሞን ነው፤ ኢስትሮጅን ላባው በምን ቅርጽና በምን ጥለት እንደሚያድግ ያዛል። ማስረጃው አልፎ አልፎ ይታያል፦ እንቁላል ማፍሪያዋ በሕመም የተጎዳባት ዶሮ ላባ ስትቀይር የአውራ ላባ ታወጣለች፣ እንደ አውራም ልትጮህ ትችላለች። በገጠር እንዲህ ያለችው ዶሮ የመጥፎ ነገር ምልክት ተደርጋ ትታያለች፤ የሆነው ግን የሆርሞን መቋረጥ ነው።

ስለዚህ ቀይ አውራዎችን ከፈለጋችሁ ቀይ እናት ብቻ አትፈልጉ። ገብስማዋ እህት ያንኑ ጂን ይዛለች።

እናቱን የመሰለ አውራ

የሸንተረሩን ጂን አስቀድመን አንሥተነዋል። አንድ ተጨማሪ ነገር አለው፤ ይህ ነገር ለአርቢው በቀጥታ ገንዘብ ነው።

በሰው ላይ ጾታን የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ነው። በወፍ ላይ ተገላቢጦሽ ነው፦ ወንዱ ዜድ የሚባለውን የጂን ጥቅል ሁለት ይይዛል፣ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ። ሴቷ ዜዷን የምትሰጠው ለወንድ ልጆቿ ብቻ ነው፤ ለሴቶቹ ደብልዩን ትሰጣለች። ሸንተረሩ ያለው ደግሞ በዜድ ላይ ነው።

ይህን ወደ ጓሮ እናውርደው። ከደቡብ አፍሪካዋ ፖቸፍስትሩም የመጣው ኮኮክ የሚባለው ዝርያ ላባው ጥቁርና ነጭ ሸንተረር ነው፤ በአገራችን በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ተስፋፍቷል። አንዲት አርቢ ኮኮክ ዶሮዎች አሏት እንበል፤ አውራዋ የአገሬው ወጥ ጥቁር ነው። ወንዶቹ ጫጩቶች ከእናታቸው ሸንተረሩን ይወስዳሉ። ሴቶቹ ከእናታቸው ዜድ ስለማይደርሳቸው እንደ አባታቸው ወጥ ጥቁር ይሆናሉ። ለዚያውም ላባ እስኪያወጡ መጠበቅ አያስፈልግም፦ በተፈለፈሉ ቀን ጥቁሩ ለስላሳ ጸጉራቸው ላይ፣ አናታቸው መካከል ነጭ ነጥብ ያለባቸው ወንዶች፣ የሌለባቸው ሴቶች ናቸው። ለእንቁላል የምታስቀረውንና ለበዓል የምታሳድገውን በመጀመሪያው ቀን ትለያለች።

መንገዱ ግን አንድ ወገን ብቻ ነው። አውራው ኮኮክ፣ ዶሮዎቹ ጥቁር ከሆኑ አባት ለሁሉም ዜድ ስለሚሰጥ ወንዱም ሴቷም ባለ ሸንተረር ይሆናሉ፣ መለያውም ይጠፋል። ቦቫንስ ብራውንን የመሳሰሉ የእንቁላል ዶሮዎች በተፈለፈሉበት ቀን በቀለም የሚለዩትም በዚሁ ሕግ ነው፤ እዚያ ሥራውን የሚሠራው በዜድ ላይ ያለ ሌላ ጂን፣ ቀዩን ክር የሚያነጣው ነው። ሴቶቹ ቡኒ፣ ወንዶቹ ነጣ ያሉ ይሆናሉ።

ቀለም ዝርያ አይደለም

እንግዲህ ላባ አንብበን ይህን ያህል ማወቅ ከቻልን «ገብስማ ዝርያ»፣ «ቀይ ዝርያ» ማለት እንችላለን? አንችልም። ሐሊማ ሐሰን በ2007 እ.ኤ.አ. ባጠናቀቀችው የዶክትሬት ጥናቷ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን 7 የአገሬ ዶሮ ስብስቦች መርምራለች። ከእነዚህ መካከል የጋሳይ ፋርጣና የመሎ ሐሙሲት ዶሮዎች የደቡብ ጎንደር ናቸው። ነጭ፣ ገብስማ፣ ቀይ፣ ጥቁርና ዥንጉርጉር በየስብስቡ ውስጥ ተቀላቅለው ነው የተገኙት። ኮኮክ ወይም ሌግሆርን መልካቸው አንድ ወጥ የሆነው አርቢዎች ለብዙ ትውልድ ሌላውን ቀለም እየለቀሙ ስላወጡ ነው። የፋርጣን ዶሮ በቀለም የለቀመ ስለሌለ ጂኖቹ ሁሉ እንዳሉ አሉ፣ በየፍልፈላውም አዲስ ሆነው ይደራረባሉ።

ከዚህ አንድ ጥንቃቄ ይከተላል። ቀለሙን የሚወስኑት ጂኖች ጥቂት ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም ትልቅ ለውጥ ያመጣሉ። የእንቁላል ብዛትን፣ የሥጋን ክብደት፣ በሽታን መቋቋምን የሚወስኑት ግን እጅግ ብዙ ናቸው፣ የእያንዳንዳቸውም ድርሻ ትንሽ ነው። ቀይ አውራ ገበያ ላይ በልጦ ቢሸጥ የቀለሙ ዋጋ ነው እንጂ ቀይነቱ እህቶቹን እንቁላል ጣይ አያደርጋቸውም። አርቢ ጥቁር ስለሆነች ብቻ ጎበዝ ጣይ ዶሮ ሲሸጥ ገዢው ያልወደደውን ላባ አስወግዶ ለጓሮው የሚያስፈልጉትን ብዙ ጂኖች አብሮ ይሸኛል።

ለሽያጭና ለበዓል ቀለም መምረጥ የአርቢው መብት ነው፣ ገበያውም ይከፍለዋል። ለማራባት ሲመርጥ ግን ሁለቱን መዝገብ ይለይ፦ አንዱ የላባ፣ አንዱ የእንቁላል። የሁለተኛውን መዝገብ እንዴት እንደሚይዝ፣ ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡ ብዙ ጂኖችን ደግሞ በምን ሒሳብ እንደሚከታተል በሚቀጥለው ምዕራፍ እንመጣበታለን።